ሁለት መስመር በአንድ ቤት

ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፥ የእርሱንና የኢትዮ ቴሌኮምን የኢንተርኔት መስመር በአንድ ቤት ማጣመር ተችሏል። በጌጃ ሰፈራችንም ይህን ያደረጉ ቤተሰቦች እናውቃለን። ነገር ግን ፊልም የሚያየው መስመሩን ሲሞላው የተማሪዋ ትምህርት ይቋረጣል፤ በዚህም ቅያሜ ይነሣል። ምክንያቱም ራውተሩ ካልታዘዘ በቀር ማን በየትኛው መስመር ይውጣ ብሎ አይለይም።

መድኀኒቱ እንዲህ ነው። ሁለት የኢንተርኔት መግቢያ ያለው፥ ላኪውንም በአድራሻው መለየት የሚችል ራውተር ይገዛል። ለእያንዳንዱ ስልክና ኮምፒዩተር የማይለወጥ አድራሻ ይመደባል። ከዚያም የተማሪዋ በአንደኛው፥ የቀሩት በሁለተኛው መስመር እንዲወጡ ትእዛዝ ይሰጣል። አንዳንድ ስልኮች መለያ ቁጥራቸውን ስለሚለዋውጡ፥ ይህ ልማዳቸው ለቤቱ ዋይፋይ ይጥፋ፤ አለዚያ ትእዛዙ ይስታቸዋል። አንዱ መስመር ሲቋረጥ ተጠቃሚዎቹ ወደ ሌላው ይሻገሩ ወይስ ይታገሡ የሚለውም አስቀድሞ ይወሰን።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደምናነበው፥ ሰባቱ ዲያቆናት የተሾሙት በዕለቱ እደላ መበለቶች ስለ ተዘነጉ ነው። በቤታችንም ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ተመካክረው ድርሻውን ይወስኑ፤ ራውተሩ የታዘዘውን ይፈጽማል እንጂ የተዘነጋውን አያስብምና።