ገንዳው ያምራል፣ ጥልቀቱስ?

ለቤተሰብ ሽርሽር አዳማ ወይ ቢሾፍቱ ሆቴል ስንመርጥ ቲክቶክ ላይ ያየነው ሰማያዊ ውሃ ይበቃናል። በዋጋው እንከራከራለን፤ የገንዳውን ጥልቀት የሚጠይቅ ግን እምብዛም ነው።

እውነቱን እናውራ፣ አብዛኞቻችን ዋና አንችልም። አባትም እናትም የማይችሉ ከሆነ፣ ልጅ ሲንሸራተት ዘሎ የሚገባው ማነው? አስተናጋጁ? የሚሰጥም ልጅ ደግሞ እንደ ፊልሙ አይጮህም፤ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚወርደው። ሶደሬን አስቡት። ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ፍል ውሃው ደስ ይላል፣ በዓል ሰሞን ግን ሰው በሰው ይሆናል። እዚያ ግርግር ውስጥ ልጅ መጥፋቱን እስክታውቁ ደቂቃዎች ይሄዳሉ።

ስለዚህ ስትደውሉ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ የልጆች ገንዳው ለብቻው ነው? ዋና የሚችል ጠባቂ እሁድም አለ? "ኧረ ምንም አይሆንም" ከተባላችሁ ሌላ ሆቴል ፈልጉ።

ወደ ብሩ እንምጣ። ዋጋው "ፕላስ ፕላስ" ከሆነ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅና 15 በመቶ ቫት ይከተላል፤ 4,000 ብር የተባለው ክፍል 5,060 ሆኖ ይመጣል። አዳማ በፈጣን መንገዱ ከአዲስ አበባ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። ማደሩን ትታችሁ የገንዳ መግቢያ ብቻ ብትከፍሉ፣ ጥሩ ጠባቂ ላለው ውድ ሆቴል አቅም ይኖራችኋል።

ጠባቂ ቢኖርም ከእናንተ አንድ ሰው ተራ ይያዝ። ሰልፊ የለም፣ ቴሌግራም የለም፤ ውሃውን ብቻ ያያል። በየሃያ ደቂቃው ተቀያየሩ።