የጎማ አገሩና ዕድሜው

ለቤቱ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ዋጋውን ይጠይቃል። ስለ ኦቶሞቢል ጎማ ግን ከዋጋው በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ነገር አለ፤ ይኸውም የት ተሠራ፥ መቼስ ተሠራ የሚለው ነው። ልጆቻችንንና ሽማግሌዎቻችንን አሳፍረን ቁልቁለት በምንወርድበት ጊዜ ከመሬት ጋራ የሚያገናኘን፥ በእያንዳንዱ ጎማ ሥር ያለው የመዳፍ ስፋት የሚያህል ቦታ ብቻ ነውና።

አንድ ዘመዳችን እናቱን ከገጠር ሊያመጣ በተነሣ ጊዜ አራት ርካሽ ጎማ ገዛ። ነጋዴውም በጎማው ጎን በክብ ውስጥ የተጻፈውን የላቲን ፊደል «ኢ»ና ቁጥር 4 አሳይቶ «የሆላንድ ሥራ ነው» አለው። እርሱም አምኖ ከፈለ። ሲመለስ ግን ከተራራው ግርጌ ሲደርስ የኋላው ጎማ ፈነዳና ኦቶሞቢሉ ከቦይ ገባ፤ የእናቱም ክንድ ተሰበረ።

ኋላ ጎማው ቢመረመር በጎኑ ላይ የተጻፉት የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች 1211 ሆነው ተገኙ። ይህም ማለት ጎማው የተሠራው በፈረንጆች 2011 ዓመት በ12ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው። ምንም እንኳ መሬት ያልነካ ቢሆን ከ10 ዓመት በላይ በመጋዘን ተቀምጦ አርጅቶ ነበር፤ ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃልና። ብዙዎች የጎማ ፋብሪካዎችም ጥርሱ ሳያልቅ እንኳ 10 ዓመት የሞላው ጎማ እንዲለወጥ ይመክራሉ።

የነጋዴውም ቃል ከስሕተት የተነሣ ነበር። በክቡ ውስጥ ያለው ቁጥር ጎማው ለመንገድ የተገባ መሆኑን መርምሮ የፈቀደውን አገር ያመለክታል እንጂ የተሠራበትን አገር አያመለክትም። 1 ጀርመን፥ 2 ፈረንሳይ፥ 3 ኢጣልያ፥ 4 ሆላንድ ነው። በእስያ የተሠራ ጎማ በሆላንድ ተፈቅዶ 4 ቁጥርን ሊይዝ ይችላል። ፋብሪካውን የሚያስታውቀው «ዶት» ከሚለው ጽሕፈት ቀጥሎ ያለው ምልክት ነው፤ ብዙ ጊዜም የአገሩ ስም በግልጥ ተጽፎ ይገኛል።

ይህን ስንል ርካሽ ጎማ ሁሉ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። ለምሳሌ ማታዶር የተባለውን እንመልከት። ይህ ስም በ1905 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሲሆን፥ ዋናው ፋብሪካ በስሎቫክያ አገር በቫህ ወንዝ አጠገብ በፑኾቭ ከተማ ይገኛል። በ2004 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባው አዲስ ጎማ ፋብሪካ ጋራ በሽርክና ሠርቷል፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጀርመኑ ኮንቲኔንታል ትልቁን ድርሻ ገዝቶታል። ዛሬ ማታዶር ኮንቲኔንታል በዝቅተኛ ዋጋ ከሚሸጣቸው ስሞች አንዱ ነው። እንግዲህ አንድ ስም ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር፥ ከአንድ ባለቤት ወደ ሌላ ባለቤት ሲተላለፍ፥ ስሙን ብቻ ሰምቶ መግዛት እንዴት ይበቃል? ዋጋው ያነሰ ጎማ በትልቅ ማኅበር ቍጥጥር ተሠርቶ ደኅና ሊሆን ይችላል፤ ዋጋው የበዛውም በመጋዘን አርጅቶ ሊገኝ ይችላል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ገንዘብህን ከመቍጠርህ አስቀድሞ አራቱን ቁጥሮች ራስህ አንብብ። በአውሮፓ ለሚሸጡ ጎማዎች ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚለጠፈው ወረቀት ካለ፥ በዝናብ ጊዜ የመያዝ ኃይሉ በየትኛው ፊደል እንደ ተመደበ ተመልከት፤ ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ መጀመሪያው ፊደል «ኤ» ከሁሉ የሚበልጠው፥ አምስተኛው «ኢ» ከሁሉ የሚያንሰው ነው። የጥርሱ ጥልቀት 1.6 ሚሊሜትር ሲደርስ ጎማውን ለውጥ፤ ይህ በአውሮፓ ሕግ የተወሰነው የመጨረሻው ልክ ነውና። ነፋሱንም በየወሩ አስለካ፤ ነፋሱ የጎደለ ጎማ ይግላልና በቶሎ ይበላሻል።

የዘመዳችን እናት ክንዳቸው ድኖላቸዋል። ዛሬ ግን ልጃቸው የኦቶሞቢሉን በር ከፍቶ ሲጠብቃቸው ቆም ይሉና «ልጄ፥ ቁጥሩን አንብበኸዋል?» ይሉታል። እርሱም እስኪመልስላቸው ድረስ አይገቡም።