ለፊታችን ሎሚ፣ ለእግራችንስ?



በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ፊት ናቸው። «ዶክተር፣ ሎሚና ማር ለማዲያት ይሆናል?» «እርድ በእርጎ በጥብጬ ልቀባ?» «ሬት በየቀኑ ብቀባ ችግር አለው?» ዛሬ ለሁላችሁም በአንድ ላይ ልመልስ። መጨረሻ ላይ ግን ማንም ስላልጠየቀኝ ነገር አነሳለሁና እስከ ታች አንብቡት።

ቢቸና እየሠራሁ፣ ጥር ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋር መጣች። ሰርጓ ደርሷል። ፊቷ እንዲጠራላት ሎሚ በማር እየቀላቀለች ለሁለት ሳምንት ጠዋት ጠዋት ተቀብታለች፤ በዚያው ገበያም፣ ውኃም ስትወጣ ፀሐይ አግኝቷታል። ጉንጯ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ አቃጠላት፣ ውኃ ቋጠረ፣ በመጨረሻም ጠቆረ። «ተፈጥሯዊ ነው ብዬ እኮ ነው!» እያለች ታለቅሳለች።

«ተፈጥሯዊ» ማለት «ገር» ማለት አይደለም። እንዶድን አስቡት። እናቶቻችን ልብስ ያጠቡበታል፣ ከቁጥቋጦ የሚለቀም ፍሬ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ከዚያ ተነስቶ እንዶድ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አረጋገጠ። ተክል ኬሚካል አለው፤ ኬሚካሉም ይሠራል፣ ሲሳሳቱበት ደግሞ ይጎዳል።

ሎሚም እንደዚያው ነው። የጤነኛ ቆዳ ፒኤች ወደ 5 ገደማ ነው፤ የሎሚ ጭማቂ ግን ከ2 እስከ 2.5 ነው። ይህ በመቶዎች እጥፍ የበረታ አሲድ ነው። በዚያ ላይ ሎሚ፣ በተለይ ልጣጩ፣ ፉሮኩማሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለው። ይህ ነገር ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን ያቃጥላል። ቃጠሎው የሚወጣው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ስለሆነ ብዙ ሰው ከሎሚው ጋር አያገናኘውም። የሚተወው ጥቁረትም ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። በጓሮአችን ያለው ጤና አዳምም ይህንኑ ንጥረ ነገር ይዟል፤ ቡና ውስጥ መጨመሩ ሌላ፣ ፊት ላይ አሽቶ ፀሐይ መውጣት ሌላ።

የእኛ አገር ፀሐይ ደግሞ ቀላል አይደለም። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ይላሉ። በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ለማዲያት የመጀመሪያው መድኃኒት ጥላ ነው፦ ጃንጥላ፣ ባርኔጣ፣ ነጠላ፤ አቅም ላለው የፀሐይ መከላከያ ክሬም።

ታዲያ ከቤታችን የሚሆነን ምንድን ነው? አጭር መልሴ ይኸውላችሁ፦

• ሬት፦ ከልጣጩ ሥር የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ቆዳ ያሳክካል። እሱ ፈስሶ እስኪያልቅ ጠብቁና መሐሉ ላይ ያለውን ጥርት ያለ ዝልግልግ ብቻ ተጠቀሙ።

• አጃ፦ የጮቄ ደጋ ሰው እንግዶ የሚለውም ዘመዱ ነው። ልሞ ተፈጭቶ ለብ ባለ ውኃ ተበጥብጦ ደረቅና የሚያሳክክ ቆዳን ያለሰልሳል።

• ማርና እርጎ፦ ጤነኛ ቆዳ ላይ ለአጭር ጊዜ ቀብቶ መታጠብ አብዛኛውን ሰው አይጎዳም። የቤት ማር ግን ቁስል ላይ አይደረግም። ዓመት ላልሞላው ሕፃንም ማር አይቀመስም።

• ቅቤ፦ ለፀጉር ባህላችን ነው፤ ግንባር ላይ ሲወርድ ግን ብጉር ያባብሳል። የሕፃን እትብት ላይ ፈጽሞ አይቀባም።

ማንኛውንም ነገር ፊታችሁ ላይ ከማድረጋችሁ በፊት የክንዳችሁ መታጠፊያ ላይ ትንሽ ቀብታችሁ ሁለት ቀን ጠብቁ። ብዙዎቻችሁ ወደ ኩሽና የሄዳችሁት ገበያ ላይ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ የስቴሮይድ ክሬሞችን ሸሽታችሁ መሆኑን አውቃለሁ። ሽሽታችሁ ትክክል ነው።

አሁን ወዳልተጠየቅኩት ልምጣ።

ልጅቷን አይቼ ስጨርስ እናትየውን ተመለከትኩ። በሩ አጠገብ ተቀምጠው እግራቸውን ቀሚሳቸው ውስጥ ደብቀዋል። «እናቴ፣ እግርዎን ልየው?» አልኳቸው። «እኔን ተይኝ ልጄ፣ የእሷን ፊት እይልኝ» አሉኝ። ለምኜ አየሁት። ሁለቱም እግሮቻቸው አብጠዋል፣ ቆዳው ወፍሯል፣ በጣቶቻቸው መካከል ተሰነጣጥቆ ይሸታል። ዝሆኔ ነው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የሙሽራው ወገን እንዳይሰማብን» አሉኝ።

አያችሁ? ለሁለት ሳምንት በዚያ ቤት ማርና ሎሚ ሲባክን የነበረው ለጤነኛ ፊት ነው። የታመመው እግር ግን ተደብቆ ነበር።

በደጋማው አካባቢያችን በብዛት የሚታየው ዝሆኔ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በመጣ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣ ነው። በአገራችን 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንዳለባቸው ይገመታል። ተጋላጭነቱ በዘር ሊወረስ ይችላል፤ በሽታው ራሱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገን ሰው አያገኘውም። ስለዚህ የዚያች ልጅ ዕጣ የእናቷ እግር አይደለም፤ ጫማዋ ነው።

ሕክምናውስ? እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ወደ 700 የሚጠጉ ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ማለስለሻ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ እግርን ማንቀሳቀስና ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ትኩሳትና ከባድ ሕመም ይዞ የሚመላለሰውን የእግር መቆጣት ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ቀንሶታል።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ በእኛ አገር ከሁሉ የሚበልጠው የቤት ውስጥ የቆዳ እንክብካቤ ይሄ ነው። ማታ ማታ እግርን በንጹሕ ውኃና በሳሙና ታጠቡ። በጣቶች መካከል ሳይቀር አድርቁ። ቫዝሊን ቀቡ፤ ከጠፋ ቆዳው ያልቆሰለ ከሆነ ጥቂት የሱፍ ዘይት ይሆናል። ስትወጡ የተሸፈነ ጫማ አድርጉ፤ ኮንጎ ጫማ ከባዶ እግር ይሻላል እንጂ አፈር ያስገባል። እግር ማታ ማታ የሚያቃጥል፣ የሚያሳክክ፣ ቀን አብጦ ሌሊት የሚቀንስ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ሂዱ። በጊዜ ከተያዘ እብጠቱ ሊመለስ ይችላል።

እኚያ እናት ከወራት በኋላ ሲመጡ ሽታው ጠፍቶላቸዋል፤ የልጅቷም ጉንጭ እየጠራ ነበር። እግራቸውን የምታጥባቸው እሷ ናት አሉኝ።

የእንግዳንና የወላጅን እግር ማጠብ ከጥንትም ባህላችን ነው። ዛሬ ማታ ፊታችሁ ላይ የምታደርጉትን ነገር ከማሰባችሁ በፊት የእናታችሁን ወይም የአባታችሁን እግር እጠቡ። እያጠባችሁም በደንብ ተመልከቱት። ያያችሁትን ንገሩኝ፣ ጥያቄ ካላችሁም ጻፉልኝ።

ለሌሎችም አጋሩት። ጤና ይብዛላችሁ!