አዲሱ ኮንሶል አሮጌውን ጨዋታ ቢያጫውት የሚከስረው ማን ነው?

ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ስዊች 2 ብሎ የሰየመውን የቪዲዮ ጌም መጫወቻ ጁን 5 ቀን 2025 ገበያ ላይ ባዋለ በአራት ቀን ውስጥ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ መሸጡን አስታውቋል። በአሜሪካ የተቆረጠለት ዋጋ 450 ዶላር ገደማ ነበር። ስለ ስክሪኑ ስፋትና ስለ ፍጥነቱ ብዙ ተጽፏል። ለገበያ ሰው ግን ትልቁ ዜና እሱ አልነበረም። ትልቁ ዜና ደንበኛው ለቀድሞው ስዊች የገዛቸው ካርዶች፣ ከጥቂቶቹ በስተቀር፣ በአዲሱም ላይ መሥራታቸው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የልጆች ጉዳይ ነው ብሎ ገጹን ሊገልጥ ያሰበ አንባቢ አንዲት ስሌት እስክንሠራ ይታገሰን። አንድ ቤተሰብ መጫወቻውን በ400 ዶላር ገዛ እንበል። በአምስት በስድስት ዓመት ውስጥ አሥራ አምስት ጨዋታ፣ እያንዳንዱን በ60 ዶላር ቢገዛ 900 ዶላር አወጣ ማለት ነው። እንግዲህ የቤተሰቡ ገንዘብ ያለው በማሽኑ ውስጥ ሳይሆን በዲስኩ መደርደሪያ ላይ ነው። አዲሱ ማሽን የቀድሞውን ዲስክ አላነብም ያለ ዕለት ያ 900 ዶላር ባንድ ጊዜ ዜሮ ባይገባም፣ በአንድ አሮጌ ዕቃ ዕድሜ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ዕቃው ሲሞት አብሮ ይሞታል። የመኪና ሞዴል ተለውጦበት አንድ መጋዘን ሙሉ መለዋወጫ ከንቱ የቀረበት ነጋዴ ይህን ለመረዳት ጌም መጫወት አያስፈልገውም።

አምራቾቹም የራሳቸው ክርክር አላቸው፤ ክርክሩም የሚናቅ አይደለም። እንደሚታወቀው ኮንሶል ራሱ ብዙ አያተርፍም፤ አንዳንዴም በኪሳራ ይሸጣል። ትርፉ የሚመጣው ከጨዋታ ሽያጭ፣ እንዲሁም ሌሎች ጨዋታ ሠሪዎች በዚያ ማሽን ላይ ለመሸጥ ከሚከፍሉት ድርሻ ነው። በዚህ ዓይነቱ ንግድ ደንበኛው አሮጌ ዲስኩን አስገብቶ ሲጫወት ካመሸ፣ ያን ምሽት ለኩባንያው ያስገባው ሳንቲም የለም። አሮጌውን ለማጫወት ደግሞ መሐንዲስ ይቀጠራል፣ ቺፕ ይጨመራል፣ እያንዳንዱ ጨዋታ ይፈተሻል። ሒሳቡ በዚህ ብቻ የሚያበቃ ከሆነ “ይቅር” የሚሉት የፋይናንስ ሰዎች ልክ ናቸው።

እኔ ሒሳቡ ጎዶሎ ነው ባይ ነኝ። ደንበኛው መደርደሪያ ላይ ያለው አሮጌ ጨዋታ የእሱ ብቻ ሳይሆን የኩባንያውም ካፒታል ነው፤ ደንበኛውን ከተፎካካሪው ሱቅ ደጃፍ የሚመልሰው እሱ ነውና። ይህን ካፒታል የሚያቃጥል ኩባንያ ደንበኛውን እጅና እግሩን ፈትቶ ወደ ገበያ ይለቀዋል። የተለቀቀ ደንበኛ ደግሞ ዋጋ ያወዳድራል።

የሶኒን ታሪክ እንይ። ፕሌይስቴሽን 2 በማርች 2000 ጃፓን ውስጥ ሲወጣ የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ጨዋታዎች ያጫውት ነበር። መሐንዲሶቹ ያደረጉት ነገር ብልኅነት የተሞላበት ነው። የቀድሞውን ማሽን ዋና ፕሮሰሰር በአዲሱ ውስጥ አስገብተው የገቢና የወጪ መረጃ አስተናጋጅ አደረጉት፤ አሮጌ ዲስክ ሲገባ ግን ወደ ድሮ ሥልጣኑ ይመለሳል። አዲስ ማሽን በወጣ ሰሞን የራሱ ጨዋታ ጥቂት ስለሚሆን ገዢ ይጠራጠራል፤ ይኸኛው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የቀድሞውን ክምችት ይዞ ቀረበ። ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ለዚህ ሽያጭ ሌላም ምክንያት እንዳለው፣ በተለይ የዲቪዲ ፊልም ማጫወቱ ብዙ ገዢ እንደሳበለት አይካድም።

ቀጥሎ የመጣው ፕሌይስቴሽን 3 የተገላቢጦሹን ያሳየናል። በኖቬምበር 2006 አሜሪካ ውስጥ በ499 እና በ599 ዶላር ሲቀርብ ውስጡ የፕሌይስቴሽን 2 ቺፖች ነበሩበት። ዋጋው ገዢን አስደነገጠ፤ እንዲያም ሆኖ ሶኒ በእያንዳንዱ ማሽን ላይ ይከስር ነበር። ወጪ ለመቀነስ ሲባል በ2007 ለአውሮፓ በቀረበው ሞዴል ላይ ከቺፖቹ አንዱ ወጥቶ ከፊል ሥራው ለሶፍትዌር ተሰጠ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በ399 ዶላር የወጣው ሞዴል ደግሞ የፕሌይስቴሽን 2 ጨዋታ የማጫወት ችሎታው ጨርሶ ተነሣለት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። በታሪክ ከፍተኛውን የደንበኛ ብዛት የያዘ ኩባንያ ለነዚያ ደንበኞች የነበረውን ትልቁን መያዣ ለቺፕ ወጪ ብሎ ለቀቀው። የሁለተኛ እጅ ገበያው ፍርዱን ሰጥቷል፤ እነዚያ ቺፕ ያለባቸው የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ዛሬም በሰብሳቢዎች ዘንድ ከኋለኞቹ ይልቅ ይፈለጋሉ።

በ2013 ሁለቱ ተፎካካሪዎች፣ ሶኒ በፕሌይስቴሽን 4፣ ማይክሮሶፍት በኤክስቦክስ ዋን፣ አሮጌውን የማያጫውት ማሽን ይዘው ወጡ። ቴክኒካዊ ምክንያቱ እውነት ነው፤ ሁለቱም የፕሮሰሰር ዓይነት ለውጠዋል። በተለይ የፕሌይስቴሽን 3ቱ ሴል የሚባለው ፕሮሰሰር ለየት ያለ ስለነበር እሱን በሌላ ማሽን ላይ ማስመሰል ከባድ ነው። በጊዜው የኤክስቦክስ ክፍል ኃላፊ የነበሩት ዶን ማትሪክ ወደ ኋላ መመልከት ኋላ ቀርነት ነው የሚል ይዘት ያለው አስተያየት ሰጥተው ነበር።

ታዲያ ምን ሆነ? ኤክስቦክስ ዋን በሽያጭ ኋላ ቀረ። ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በጁን 2015፣ ማይክሮሶፍት የኤክስቦክስ 360 ጨዋታዎችን በአዲሱ ማሽን ላይ በሶፍትዌር እንደሚያጫውት አስታወቀ። በኖቬምበር ሥራ ላይ ዋለ። ዲስኩ ያለው ሰው ያንኑ ዲስክ ያስገባል፤ ተጨማሪ ክፍያ የለም። በ2017 ደግሞ የመጀመሪያው ኤክስቦክስ ጨዋታዎች ተጨመሩ። ሲመራ ያልታየው መንገድ ሲመራበት ታየው ማለት ነው።

ኒንቴንዶም በዚሁ ሚዛን ላይ ይወጣል። በ2012 የወጣው ዊ ዩ የቀዳሚውን የዊን ጨዋታዎች ያጫውት ነበር፤ ነገር ግን የተሸጠው 13.5 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። አሮጌውን ማጫወት ብቻውን ዕቃ እንደማይሸጥ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። በ2017 ስዊች ሲመጣ የዊ ዩን ጨዋታ አላጫወተም፤ ብዙ ሰውም አልጮኸም፤ ቅር የሚለው ደንበኛ ጥቂት ነበርና። ስዊች ግን ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ይህን ሁሉ ሕዝብ አስቀይሞ አዲስ ማሽን ማውጣት እብደት ስለሆነ ስዊች 2 የቀድሞውን ካርድ ተቀበለ። ከዚህ የምረዳው ኩባንያዎቹ ለአሮጌው ጨዋታ የሚያሳዩት ክብር ከመሐንዲሶቻቸው ችሎታ ይልቅ ሊያጡት ከሚችሉት የደንበኛ ብዛት ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ መሆኑን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። በ2017 የሶኒ ባለሥልጣን የነበሩት ጂም ራያን ሰዎች ይህን ነገር በብዛት ይጠይቁታል እንጂ እምብዛም አይጠቀሙበትም ብለዋል። አርስ ቴክኒካ የተባለው የቴክኖሎጂ ዜና አውታር በዚያው ዓመት በናሙና ባደረገው ጥናትም የኤክስቦክስ ዋን ባለቤቶች ለ360 ጨዋታዎች ያዋሉት ጊዜ 1.5 በመቶ ገደማ ነበር። ቁጥሩን አልከራከረውም። ትርጉሙን ነው የምከራከረው። ከአዲስ አበባ ደሴ የሚመላለስ ሾፌር ስኮርታ ጎማውን በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ላያወርደው ይችላል፤ ይሁንና አልተጠቀምኩበትም ብሎ አይጥለውም፤ ያለ ስኮርታ የሚሸጥለትን መኪናም በዚያው ዋጋ አይገዛም። የመድን ዋጋ የሚለካው በስንት ሰዓት አገልግሎት አይደለም። አዲሱን ማሽን ለመግዛት የሚያመነታ ሰው የሚፈልገው ዛሬ ማታ አሮጌውን መጫወት ሳይሆን፣ ያለው ነገር እንደማይጠፋበት ማወቅ ነው።

ሻጮች ይህን ሲነፍጉ ምን ያተርፋሉ ቢባል፣ ያንኑ ዕቃ ደግመው ይሸጣሉ። “ዘ ላስት ኦፍ አስ” የተሰኘው የሶኒ ጨዋታ በ2013 ለፕሌይስቴሽን 3 ወጣ። በ2014 ተወልውሎ ለፕሌይስቴሽን 4 ተሸጠ። በ2022 እንደ አዲስ ተሠርቶ ለፕሌይስቴሽን 5 በ70 ዶላር ቀረበ። “ግራንድ ቴፍት አውቶ 5”ም በሦስት የማሽን ትውልድ ሦስት ጊዜ ለገበያ ቀርቧል፤ በድምሩ ከ200 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠ ነው። ሥራ ከተጨመረበት ዋጋ መጠየቅ ነውር አይደለም። ኒንቴንዶ ለአንዳንድ የቀድሞ ጨዋታዎቹ በስዊች 2 ላይ ጥራታቸው እንዲጨምር 10 ዶላር ገደማ ይጠይቃል፤ የማይከፍል ሰው ግን የድሮውን እንደነበረ ይጫወታል። ይህ ፍትሐዊ ንግድ ነው። ፍትሐዊ ያልሆነው በሩን ዘግቶ ቁልፉን መሸጥ ነው።

አምራቹ ጥፋተኛ የማይሆንበት ጊዜም አለ። ማይክሮሶፍት በኖቬምበር 2021 የመጨረሻዎቹን አሮጌ ጨዋታዎች ከጨመረ በኋላ፣ ከዚህ በላይ በፈቃድ፣ በሕግና በቴክኒክ ምክንያት መሄድ እንደማይችል ገልጿል። በአንድ የመኪና እሽቅድድም ጨዋታ ውስጥ የመኪና ፋብሪካዎች ስም አለ፣ ዘፈን አለ፤ እያንዳንዱ የራሱ ውል አለው፤ ውሉም ጊዜ አለው። ውል የሚጽፍ ነጋዴ ይህ አይደንቀውም።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። በአዲስ አበባ ሠፈሮች የፕሌይስቴሽን ቤት ከፍቶ ለሚሠራ ሰው ኮንሶል የሥራ መሣሪያ ነው፤ ለወፍጮ ቤት ወፍጮው እንደሆነው ሁሉ። ወጣቱ በአብዛኛው እግር ኳስ ይጫወታል፣ በጨዋታ ወይም በሰዓት ይከፍላል፤ ዲስኩና ጆይስቲኩ ከማሽኑ ጋር ተደምረው ካፒታል ናቸው። ዕቃው የሚገባው በውጭ ምንዛሪ ነው። በጁላይ 2024 የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ ማሽን ሲቀይር ዲስኩንም አብሮ መቀየር ያለበት ሰው ኪሳራው በአሜሪካ ካለው ደንበኛ የከፋ ነው። (ኮፒ ዲስክ ላይ የተመሠረተ ቤት በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም፤ አዲሶቹ ማሽኖች ዋናውን ካላገኙ አይከፈቱለትም።)

ፕሌይስቴሽን 5 ከ4 ሺህ በላይ ከሆኑት የፕሌይስቴሽን 4 ጨዋታዎች ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉንም ያጫውታል። የፕሌይስቴሽን 3 እና 2 ዲስክ ግን አያነብም። ከዚያም አልፎ ዲጂታል የሚባለው ሞዴል ከነጭራሹ የዲስክ ማስገቢያ የለውም። በኖቬምበር 2024 በ700 ዶላር የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮም ያለ ዲስክ ማስገቢያ ነው የሚሸጠው፤ ማስገቢያው ለብቻው ይገዛል። አሮጌውን ጨዋታ ያጫውታል ተብሎ ማስታወቂያ የተነገረለት ማሽን ሃያ ዲስክ ላለው ሰው ምንም ላይፈይደው ይችላል ማለት ነው። በኢንተርኔት የወረደ ጨዋታ ደግሞ ከአንድ ሰው አካውንት ጋር ስለሚታሰር፣ ሱቁን ዘግቶ ዕቃውን መሸጥ ለሚፈልግ ሰው የሚሸጥ ነገር አይሆንለትም።

ከዱባይም ሆነ ከአሜሪካ በሰው እጅ ዕቃ የምታስመጡ ነጋዴዎች ሁለቱን ሞዴሎች በአንድ ስም እየጠራችሁ ባትሸጡ ደግ ነው። የዲጂታሉ ዋጋ ቅናሽ ገዢውን ይማርካል፤ ቤቱ ያሉትን ዲስኮች ቆጥሮ ከዋጋው ልዩነት ጋር ላስተያየ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ርካሹ ባለ ዲስኩ ሆኖ ይገኛል።