ሥልጠናውም ገበያ ይውጣ

በዚህ ገጽ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው የጤፍና የስንዴ፣ የበግና የማር ዋጋ ነው። ዛሬ የምናነሳው ሸቀጥ ግን በኩንታል አይሰፈርም፣ በኪሎም አይመዘንም። ይሁንና እንደማንኛውም ሸቀጥ አምራች፣ አመላላሽ፣ ቸርቻሪና ሸማች አለው። ሸቀጡ ሥልጠና ነው። አምራቹ በዝቷል፤ ሸማቹም አለ፤ የጠፉት በመካከል ያሉት አመላላሹና ቸርቻሪው ናቸው።

በመጀመሪያ ገበያውን እንወቀው። መካነ ሰላም ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። ከለጋምቦ እስከ ሳይንት፣ ከከለላ እስከ ወግዲ የተዘረጋው፣ በስተምዕራብ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው ይህ አገር ገብስና ስንዴ፣ ጤፍና ባቄላ ያመርታል፤ በግ ያረባል፤ ቀፎ ይሰቅላል። መሬት ያልደረሰው ወጣት ደግሞ ዓይኑን የሚጥለው ወይ ወደ አዲስ አበባ ወይ ባሕር ተሻግሮ ወደ ዓረብ አገር ነው። ደቡብ ወሎ ብዙ ልጆቿን ወደ ዓረብ አገር በመላክ ከሚታወቁት አካባቢዎች አንዷ መሆኗን የማያውቅ የለም። ለዚህ ጉዞ ቤተሰብ በሬ ይሸጣል፣ ከዘመድ ይበደራል። ታዲያ "የገጠር ሰው ለሥልጠና ገንዘብ አያወጣም" የሚለው አባባል ከየት መጣ? በሬ ሸጦ ልጁን የሚሸኝ ሰው ለልጁ ኑሮ ገንዘብ አያወጣም ማለት አይቻልም። እውነቱ፣ ለእሱ የሚሆን ሥልጠና እደጁ ይዞለት የመጣ ነጋዴ አለመገኘቱ ነው።

አምራቹ በዝቷል

በኢንተርኔት የሚሰጥ ሥልጠና ዛሬ ብርቅ አይደለም። መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም የጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም፣ በሦስት ዓመት ውስጥ አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በነጻ ለማሠልጠን ያለመ ነው። የድረ ገጽና የአንድሮይድ ፕሮግራም ሥራን፣ የዳታ ሳይንስንና የሰው ሠራሽ አስተውሎትን መሠረታዊ ዕውቀት ይሰጣል፤ ትምህርቱን የሚያቀርበው ዩዳሲቲ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ተመዝጋቢው በሚሊዮን ይቆጠራል። እንግሊዝኛ ለሚያነብና ኮምፒውተር ለሚያገኝ ወጣት የተከፈተ በር ነውና መልካም ነው እንላለን።

ነገር ግን ስንዴውን ዋግ ለመታበት የቦረና ገበሬ፣ ወይም አሥረኛ ክፍል አቋርጣ ለተቀመጠች የወግዲ ልጅ የተመረተ ሸቀጥ አይደለም። ደግሞም ተመዝጋቢ ማለት በገበያ ቋንቋ ዋጋ የጠየቀ እንጂ የገዛ ሰው ማለት አይደለም። ሪፖርታችን የዋጋ ጠያቂን ቁጥር እያበዛ፣ የገዛውንና በገዛው ዕቃ የተጠቀመውን ካልቆጠረ ንግዱ ከስሮም ትርፍ ያስመዘገበ ይመስላል።

የተከፈለ ዋጋ

ከሩቅ የሚመጣ ትምህርት ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1997 ዓ.ም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት አማካይነት በፕላዝማ ቴሌቪዥን መሰጠት ሲጀምር ተስፋው ትልቅ ነበር። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ነበር። መምህሩ ሊያስቆመው፣ ተማሪውም "ይደገምልኝ" ሊለው አይችልም። መብራት ሲጠፋ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይጠፋል፤ መብራት ሲመጣ ደግሞ ትምህርቱ ጥሎ ሄዷል። የፕላዝማ ጉድለት የይዘት ጉድለት ብቻ አልነበረም። ዕቃው አምራቹ በፈለገው ሰዓት ይመጣል እንጂ ሸማቹ በተመቸው ሰዓት አይጠብቀውም ነበር።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉም ትምህርቱ ወደ ሬዲዮ፣ ወደ ቴሌቪዥንና ወደ ቴሌግራም ዞረ። የከተማው ልጅ በአባቱ ስልክ ሲከታተል የገጠሩ ልጅ ከብት ጥበቃ ወጣ። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ለበርካታ ወራት ተቋርጦ ቆየ። በዚያ ጊዜ በኢንተርኔት ብቻ የሚሰጥ ማንኛውም ሥልጠና ለመካነ ሰላም ሰው እንዳልነበረ ሆነ። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ኔትወርክ ሲቋረጥ አብሮ የሚሞት ሥልጠና ለዚህ አገር አይሆንም።

ያዋጣላቸው ምን አደረጉ?

ደግነቱ ሦስት የሚጠቀሱ ምሳሌዎች አሉን።

አንደኛው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሥልጠና ነው። በ1995 ዓ.ም በተጀመረው በዚህ ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ የሚሆኑ፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሠልጥነው በየቀበሌው ተመደቡ። እነዚህን ሠራተኞች ከደረጃ 3 ወደ ደረጃ 4 ለማሳደግ ሁሉንም ከሥራ አንስቶ ኮሌጅ ማስገባት አይቻልም ነበር። ስለዚህ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር፣ ዩኒሴፍ፣ አምሬፍና የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ተባብረው 13 ሞጁሎች አዘጋጁ። ሞጁሎቹ ማንም እንዲያነባቸው በኢንተርኔት በነጻ ወጡ። ለሠራተኛዋ ግን የደረሷት በወረቀት ታትመው ነው። በቀበሌዋ እያገለገለች ታነባለች፤ በየጊዜው ወደ ማሠልጠኛ እየሄደች በተግባር ትለማመዳለች። ኢንተርኔቱ መጋዘን ሆነ፤ እቤት ድረስ የሄደው ወረቀቱ ነው።

ሁለተኛው 8028 የተባለው የገበሬዎች የስልክ መስመር ነው። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም ሲጀምረው ገበሬው ያለ ክፍያ ደውሎ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ሰብል በሽታ የተቀዳ ምክር እንዲያዳምጥ ተደርጎ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጥሪ ተቀብሏል። ማንበብ አልጠየቀም፤ ዘመናዊ ስልክም አልጠየቀም። "ገበሬው ለምክር ፍላጎት የለውም" ለሚሉት ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

ሦስተኛው ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት ከሕንድ አምጥቶ ከግብርና ቢሮዎች ጋር የሠራበት መንገድ ነው። አጭር ቪዲዮ እዚያው አገር ይቀረጻል፤ ተዋናዩ ራሱ ገበሬ ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በባትሪ በምትሠራ፣ በእጅ በምትያዝ ትንሽ ፕሮጀክተር ለጎረቤታሞች ያሳያል፤ መሐል ላይ ያስቆመዋል፤ ይጠይቃል፤ ያከራክራል። በሌላ ቀን ደግሞ ማሳ ላይ ሄዶ ማን እንደሞከረው ያያል። በኋላ የተደረገ ጥናትም ቪዲዮውን ያዩ ገበሬዎች ምክሩን የመረዳትና ሥራ ላይ የማዋል ዕድላቸው ከፍ ማለቱን አሳይቷል። ገበሬ የሚያምነው እንደሱ የሚናገረውን፣ እንደሱ ያለ መሬት የሚያርሰውን ሰው ነው።

በሦስቱም ሸማቹ ዘንድ የደረሰው የመጨረሻው እጅ ኢንተርኔት አይደለም። ወረቀት፣ ድምፅ ወይም ሰው ነው።

ሒሳቡን እንሥራው

የኢንተርኔት ታሪፍ ስለሚለዋወጥ በብር ሳይሆን በሜጋባይት እንቁጠረው። መካከለኛ ጥራት ያለው የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ግማሽ ጊጋባይት ገደማ ይፈጃል። የ30 ሰዓት ሥልጠና እንግዲህ 15 ጊጋባይት ሊሆን ነው። ይህን እያንዳንዱ ሠልጣኝ በየራሱ ስልክ ከኢንተርኔት ያውርድ ማለት አንዱን ዕቃ ለ100 ሰው 100 ጊዜ ከደሴ በተለያየ መኪና ማስጫን ማለት ነው። አንድ ጊዜ መካነ ሰላም ላይ ቢወርድና ከዚያ ቢገለበጥ ግን ለመቶኛው ሰው የሚከፈል የኢንተርኔት ዋጋ የለም።

ለንግግር በሚበቃ ጥራት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ድምፅ ደግሞ 15 ሜጋባይት ገደማ ነው። አንድ ሰዓት ቪዲዮ በያዘው ቦታ 33 ሰዓት ንግግር ይገባል ማለት ነው። ባለ 32 ጊጋባይት ሜሞሪ ካርድ ከ2 ሺህ ሰዓት በላይ ድምፅ ይይዛል። ይህን ለመስማት ውድ ስልክ አያስፈልግም፤ ሜሞሪ የምትቀበል ተራ የቁልፍ ስልክ ትበቃለች።

ቸርቻሪው እዚያው አለ

በየወረዳው ከተማ ዘፈንና መዝሙር፣ መንዙማና ፊልም በሜሞሪ የሚጭኑ ትንንሽ ሱቆች አሉ። ገበያ የወጣ ወጣት ጥቂት ብር ከፍሎ የሚወደውን አስጭኖ ይመለሳል፤ ማታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይሰማል። ይህን መረብ ማንም ዕቅድ አውጥቶ አልዘረጋውም፤ የዘረጋው ገበያው ነው። በሰላምም በችግርም ጊዜ ይሠራል፤ ኔትወርክ ቢኖርም ባይኖርም አይዘጋም። ሥልጠናው በዚሁ መንገድ ቢሄድ ምን ይጎድልበታል?

ሐሳባችን ይህ ነው። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ላይ ካምፓስ አለው። ይህ ካምፓስ የሥልጠና ጅምላ አከፋፋይ ይሁን። ከኢንተርኔት የሚጠቅመውን መርጦ አንድ ጊዜ ያውርድ፤ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ፣ ኮሊብሪን የመሳሰሉ የመማሪያ ፕሮግራሞች አሉና በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ ለትምህርት ቤቶችና ለሙያ ማሠልጠኛዎች ይክፈት። ለገበሬው የሚሆነውን ደግሞ በአካባቢው አነጋገር፣ በአካባቢው ገበሬና ባለሙያ ድምፅ ያስቀዳ። ስለ ዋግ የሚነገረው ምክር በወቅቱ ካልደረሰ እንደከረመ እንጀራ ነውና፣ እንደየወቅቱ በየገበያው ቀን ለሱቆቹ ያከፋፍል። ባለሱቁም እንደ ዘፈኑ ጥቂት ብር ተቀብሎ ይጫን።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር መስተካከል አለበት። የመጀመሪያው የባለቤትነት መብት ነው። በኢንተርኔት በነጻ የተለቀቀ ሁሉ ለሽያጭ የተፈቀደ አይደለም፤ ለትምህርት ብቻ እንጂ ለንግድ አይባዛም የሚሉ አሉ። ስለዚህ አዘጋጆቹ የመጫኛ ዋጋ እንዲከፈል በግልጽ መፍቀድ አለባቸው። ሁለተኛው ስልኩ በማን ኪስ እንዳለ ማወቅ ነው። ብዙ ጊዜ በባል ኪስ ነው። ለእናትየዋ የታሰበው ትምህርት ባል ገበያ ሲውል አብሮ እንዳይውል፣ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እጅም መኖር ይገባዋል።

ድምፅ እጅ አያርምም

እርግጥ ነው፣ ድምፅና ሥዕል ብቻውን ሙያ አያስተምርም። በመስመር መዝራት፣ ቀፎ ማዛወር፣ የሶላር መብራት መግጠም፣ ልብስ መስፋት እጅ የሚያርም ሰው ይፈልጋል። ሜሞሪው የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን የሚተካ ሳይሆን አሥር ጊዜ ከመናገር የሚያሳርፈው ነው። በጸጥታው ችግር ምክንያት እንደ ልቡ ወደ ቀበሌ መውጣት በማይችልበት ጊዜም ቃሉ ቀድሞት ይደርሳል፤ እሱ ሲደርስ ለተግባሩ ብቻ ጊዜ ይኖረዋል።

ገንዘቡስ? ለጋሾችና መንግሥት ለሥልጠና የሚመድቡት ገንዘብ አለ። የምንለው የሚከፈልበት መለኪያ ይለወጥ ነው። ለተመዘገበ ሳይሆን በሙያ ብቃት ምዘና ቀርቦ ላለፈ፣ ማሳው ላይ ሞክሮ ለታየ ይከፈል። ከዚያ ክፍያ ለባለሱቁም ለልማት ጣቢያ ሠራተኛውም ድርሻ ይኑራቸው። ያኔ ባለሱቁ ራሱ "ያን ጊዜ የጫንህልኝን ሞከርከው?" ብሎ ደንበኛውን መጠየቅ ይጀምራል።

"ለከተሜው ኢንተርኔት፣ ለገበሬው ሜሞሪ? ይህ ማበላለጥ አይደለም?" የሚሉን አይጠፉም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን፣ የኔትወርኩ ማማ ይተከል፣ መብራቱም ይግባ፣ አንዱ ሌላውን አያስቀርም ነው። ነገር ግን አስፋልት እስኪመጣ ድረስ እህሉን በአህያ ጭኖ ገበያ ያላደረሰ ገበሬ የለም። መንገዱ እስኪሠራ እቤቱ አልተቀመጠም።

በዚህ መካከል የሚያልፈው ጊዜ ግን ዋጋ አለው። በዚህ ዓመት ሙያ ያልያዘች ልጅ እስከ መጪው ዓመት አትጠብቅም፤ ደላላው እደጇ ድረስ ይመጣል። ደላላው ኔትወርክ የለም ብሎ ቀርቶ አያውቅም። እኛስ?

ቸር ያገናኘን።