መፋቅ የሚያድነው ነቀርሳና የማያድነው

ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ በየጊዜው ይጻፋል። ዛሬ የምናነሣው የአራሹን ቆዳ ነው።

በገጠሩ ሕዝባችን መካከል ከተወለዱ ጀምሮ ቆዳቸውና ጸጉራቸው የነጣ፣ አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖች አሉ። ቆዳቸው ፀሐይን የሚከላከለው ቀለም ስለሚጎድለው ገና በወጣትነታቸው በፊት፣ በአንገትና በክንድ ላይ የቆዳ ነቀርሳ ሊወጣባቸው ይችላል። ሲጀምር ትንሽ እባጭ ወይም ቅርፊት እየያዘ የሚደማ ቁስል ነው። ብዙ ጊዜ አያምም፤ ስለዚህም ይናቃል።

ይሁን እንጂ በጊዜው ከተደረሰበት ሕክምናው ከባድ አይደለም። ሐኪሙ ቦታውን በመርፌ አደንዝዞ፣ ጠርዙ ስለታም በሆነ ቀለበት መሰል መሣሪያ የታመመውን ሥጋ ይፍቃል። ነቀርሳው ከጤነኛው ቆዳ ይልቅ ለስላሳ በመሆኑ፣ መሣሪያው ጤነኛው ላይ ሲደርስ ልዩነቱ ለእጅ ይታወቃል። ከዚያም ሥሩን በኤሌክትሪክ ሙቀት ይተኩሰዋል፤ ይህንኑም ሁለት ሦስት ጊዜ ይደጋግማል። ስፌት የለውም፤ ታካሚው በዕለቱ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ቁስሉም በጥቂት ሳምንታት ይደርቃል። ባዛል ሴል የተባለው፣ ቀስ ብሎ የሚያድገው ነቀርሳ ትንሽ ሳለ በጀርባ ወይም በክንድ ላይ ቢፋቅ፣ ከ10 ሰዎች ከ9 በሚበልጡት ላይ በ5 ዓመት ውስጥ አይመለስም።

የገበሬ ማኅበር መሪዎች ልብ ሊሉት የሚገባው ግን መፋቅ ለሁሉም የማይሆን መሆኑን ነው። በአፍንጫ፣ በዐይን፣ በከንፈርና በጆሮ አካባቢ የወጣው ሥሩ ሊደበቅ ስለሚችል የመመለስ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። በጠቆረ ቆዳ ላይ ደግሞ ነቀርሳ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ለዓመታት ካልዳነ የእግር ቁስል ወይም ከድሮ የእሳት ጠባሳ ነው። በውስጥ እግር ላይ እንደ ጥቁር ነጥብ ጀምሮ የሚሰፋም አለ። እነዚህ ተቆርጠው መውጣት አለባቸው እንጂ በመፋቅ አይታከሙም። ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ «ይፋቃል» ሲባል የሰማ ሰው ምላጭ ሊያነሣ፣ ወይም ብረት አግሎ ሊተኩስ ይችላል። ከላይ ሲደርቅ የዳነ ይመስላል፤ ከሥር ግን ይሰፋል።

በመሆኑም ከአንድ ወር በላይ ያልዳነ ቁስል ያለበትን አባል ወደ ጤና ጣቢያ ላኩ፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ይመራል። ሕመምተኛውን የሚያስቀረው ዕውቀት ማጣት ብቻ አይደለም፤ የመንገድ ወጪና በሬውን የሚጠምድለት ሰው ማጣትም ነው። እርሱ እስኪመለስ ማሳውን በደቦ ማረስ ለማኅበሩ የአንድ ቀን ሥራ ነው። አልቢኒዝም ላለባቸው አባላት ደግሞ ሰፊ ባርኔጣና እጀ ረጅም ልብስ ይገኝላቸው፤ በቀትር ፀሐይም ከአጨዳው ይልቅ የእህል ምዝገባውና ሚዛኑ ይሰጣቸው።