«ወፈርሽ፣ ተመችቶሻል!» ማለት ይቅርብን

ሉፐስ ያለባትን እህታችሁን ሰንዳፋ ገበያ ላይ ስታገኟት «ወፈርሽ፣ ተመችቶሻል!» አትበሏት። አልተመቻትም! ፕሬድኒሶሎን ነው የምግብ ፍላጎቷን ከፍቶ ፊቷንና ሆዷን የሞላው። ስብ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ብግነት የሚቀሰቅሱ ኬሚካሎች ያመነጫል። ድካሙና የመገጣጠሚያ ሕመሙ ይብሳል፤ ሉፐስ አስቀድሞ የሚያሰጋው ልቧና ኩላሊቷ ላይ ሌላ ጫና ይጨመራል።

እኛ ሐኪሞችም አለንበት። «ክብደት ቀንሺ» ብለን እንሸኛታለን፤ መድኃኒቱ ለምን እስካሁን እንዳልተቀነሰ አንጠይቅም። የ2023ቱ (እ.ኤ.አ.) የአውሮፓ መመሪያ እኮ ለዘለቄታው በቀን ከ5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ፣ ከተቻለም እንዲቆም ይላል።

እህቴ፣ በራስሽ ግን እንዳታቆሚው፤ በድንገት ማቆም ለሕይወት ያሰጋል። በሚቀጥለው ቀጠሮሽ «ዶክተር፣ የኔ መቼ ነው የሚቀነሰው?» በይ። እስከዚያ የሻዩን ስኳር ቀንሺ።